ከሄሪንግ ዓሣ እስከ ባንክ ካርድ፦ የአሜሪካ ተቆጣጣሪዎች ሥልጣን እንዴት ጠበበ?

በአሜሪካ አንድ መንገደኛ ነዳጅ ማደያ ጎራ ብሎ የሁለት ዶላር ቡና ቢገዛና በባንክ ካርዱ ቢከፍል፣ ከሁለቱ ዶላር ውስጥ እስከ 22 ሣንቲም የሚደርሰው ገንዘብ ባለሱቁ እጅ አይገባም። ካርዱን ለሰጠው ባንክ ይሄዳል። ከሽያጩ 11 በመቶ መሆኑ ነው። ዕቃው የመቶ ዶላር ቢሆን ኖሮ የባንኩ ድርሻ ቢበዛ 27 ሣንቲም ስለሚሆን ነገሩ ያን ያህል ባላስቆጨ ነበር። ቡና፣ ማስቲካና ለስላሳ እየቸረቸረ ለሚኖር ነጋዴ ግን ያስቆጫል።

ይህን የክፍያ ጣሪያ በቁጥር የወሰነው የአገሪቱ ምክር ቤት፣ ኮንግረስ፣ አይደለም። በ2011 ማዕከላዊ ባንኩ ፌዴራል ሪዘርቭ ነው ያወጣው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ደንቡ ከወጣ ከሰባት ዓመት በኋላ በሰሜን ዳኮታ ግዛት ዋትፎርድ ሲቲ በምትባል የነዳጅ ጉድጓድ በበዛባት ከተማ ‹‹ኮርነር ፖስት›› የሚባል የከባድ መኪናዎች ማረፊያና ሱቅ ተከፈተ። ይኸው ሱቅ በ2021 ማዕከላዊ ባንኩን ከሰሰ። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ዘለቀ፤ በጁላይ 1 ቀን 2024 ባለሱቁ 6 ለ 3 በሆነ ድምፅ ረታ።

አንድ የገጠር ሱቅ ፌዴራል ሪዘርቭን ረታ ሲባል ለወሬ ይጥማል። ለገበያ ሰው ግን ከወሬነት ያለፈ ነው። በዚያው ሳምንት ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሌሎች ሁለት ውሳኔዎችን ሰጥቶ ነበር። ሦስቱ አንድ ላይ ሲታዩ፣ ላለፉት አርባ ዓመታት የአሜሪካ ባንክ፣ አክሲዮን፣ መድኃኒት፣ ስልክና ነዳጅ ሲተዳደሩበት የኖረው የሥልጣን አከፋፈል ከሥሩ ተነካ።

ጥያቄው ምንድን ነው?

በእኛም አገር ነጋዴው ልዩነቱን በቀላሉ ያውቀዋል። አዋጅ አለ፣ ደንብ አለ፣ መመሪያ አለ። አዋጁ ‹‹ተመጣጣኝ ክፍያ›› ይላል፤ ተመጣጣኝ ማለት ስንት እንደሆነ የሚናገረው መመሪያው ነው። ነጋዴውን ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳውም አዋጁ ሳይሆን መመሪያው ነው። በአሜሪካም እንዲሁ ነው። ኮንግረሱ ሕጉን በጥቅሉ ያወጣል፤ ዝርዝሩን ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤቶች ይሞሉታል። አዋጁ አሻሚ ቃል ሲይዝ፣ ወይም ስለ አንድ ነገር ዝም ሲል፣ ትርጉሙን የመስጠት የመጨረሻ ሥልጣን የማን ነው? የመሥሪያ ቤቱ ባለሙያ ነው ወይስ የፍርድ ቤቱ ዳኛ?

ለዚህ ጥያቄ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1984 መልስ ሰጥቶ ነበር። መልሱም ‹‹ሼቭሮን›› በሚል ስም ይታወቃል። ስሙ የመጣው ከተከራካሪዎቹ አንዱ ከነበረው የነዳጅ ኩባንያ ነው። የ1977ቱ የአየር ብክለት ሕግ፣ አንድ የብክለት ‹‹ምንጭ›› አዲስ ሲሠራ ወይም ሲሻሻል ፈቃድ ማውጣት አለበት ይላል። ምንጭ የሚባለው እያንዳንዱ የጭስ ማውጫ ነው ወይስ ፋብሪካው በሞላ? የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲው በ1981 ‹‹ፋብሪካው በሞላ ነው›› አለ። በዚህ ስሌት ባለፋብሪካው በአንዱ ጭስ ማውጫ የጨመረውን በሌላው ከቀነሰ አዲስ ፈቃድ አያስፈልገውም። የአካባቢ ተቆርቋሪዎች ከሰሱና በይግባኝ ፍርድ ቤት ረቱ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን ገለበጠው። አዋጁ ግልጽ ከሆነ እንደ ግልጽነቱ ይፈጸም፤ አሻሚ ከሆነና የመሥሪያ ቤቱ ትርጓሜ ምክንያታዊ ከሆነ ደግሞ፣ ዳኛው የራሱ ምርጫ ሌላ እንኳ ቢሆን፣ የመሥሪያ ቤቱን ትርጓሜ ይቀበል ሲል ወሰነ።

ልብ በሉ፤ ያን ጊዜ በውሳኔው የተደሰቱት የነዳጅ ኩባንያዎችና የሬገን መንግሥት ነበሩ። ወግ አጥባቂዎቹ መሥሪያ ቤቱን እንጂ ዳኞቹን አያምኑም ነበር። ደንቡ ሲወጣ የኤጀንሲው ኃላፊ የነበሩት አን ጎርሰች ይባሉ ነበር። ከአርባ ዓመት በኋላ ያንን ውሳኔ ከሻሩት ስድስት ዳኞች አንዱ፣ ‹‹ሼቭሮን››ንም አምርረው የተቹት፣ የእኚሁ ሴት ልጅ ኒል ጎርሰች ናቸው። ዓለም ሲገለበጥ እንዲህ ነው።

ዓሣ አጥማጆቹ

‹‹ሼቭሮን››ን የጣሉት የነዳጅ ከበርቴዎች አይደሉም። ሄሪንግ የሚባለውን ዓሣ በአትላንቲክ ባሕር የሚያሰግሩ የኒው ጀርዚና የሮድ አይላንድ ጀልባ ባለቤቶች ናቸው። የ1976ቱ የዓሣ ሀብት ሕግ፣ ከመጠን በላይ እንዳይጠመድ ሲባል መንግሥት በጀልባዎች ላይ ታዛቢ እንዲሳፈር ማስገደድ ይችላል ይላል። የታዛቢውን አበል ማን ይከፍላል ለሚለው ግን ሕጉ ለአንዳንድ የዓሣ ሥራዎች መልስ ሲሰጥ፣ ለሄሪንግ አጥማጆች ምንም አላለም። ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት በ2020 ‹‹ባለጀልባው ይክፈል›› የሚል ደንብ አወጣ። ሒሳቡ በቀን እስከ 710 ዶላር ይደርሳል ተብሎ ተገመተ። ከባለጀልባው ገቢ እስከ 20 በመቶ ሊበላ እንደሚችል መሥሪያ ቤቱ ራሱ አምኗል።

ጠባብ ጀልባ ላይ የሚቆጣጠርህን ሰው አሳፍረህ፣ አብልተህ፣ በዚያ ላይ ደመወዙን አንተው ክፈል መባል እንዴት እንደሚያንገበግብ ለነጋዴ ማስረዳት አያስፈልግም። የበታች ፍርድ ቤቶች ግን በ‹‹ሼቭሮን›› መሠረት ለመሥሪያ ቤቱ ፈረዱ። አዋጁ ዝም ካለ ዝምታውን የሚሞላው መሥሪያ ቤቱ ነውና።

በጁን 28 ቀን 2024 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ‹‹ሼቭሮን››ን ሻረ። ውሳኔውን የጻፉት የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ጆን ሮበርትስ ናቸው። የተደገፉበት ሕግ የ1946ቱ የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት ሕግ ሲሆን፣ ይህ ሕግ የሕግ ጥያቄዎችን ሁሉ ፍርድ ቤት ይወስናል ይላል። (በእኛም አገር በተመሳሳይ መንፈስ የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ወጥቷል። ቁጥሩ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። አዋጁን ስንት ነጋዴ አንብቦታል የሚለው ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው።) ሮበርትስ እንዳሉት ዳኛው የመሥሪያ ቤቱን አስተያየት ማዳመጥ ይችላል፤ አሻሚነት ስላለ ብቻ ግን ፍርዱን አሳልፎ ሊሰጠው አይችልም። ቀደም ብለው በ‹‹ሼቭሮን›› የተወሰኑ ጉዳዮች በዚህ ምክንያት ብቻ እንደማይፈርሱም ጨምረዋል። ይህች የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር በኋላ ስለምታስፈልገን ትያዝ።

በተቃውሞ የጻፉት ዳኛ ኤሌና ኬገን ናቸው። የእሳቸው መከራከሪያ ቀላል ነው፤ ዳኛ ምን ያውቃል? አንድ የአሚኖ አሲድ ሰንሰለት ‹‹ፕሮቲን›› የሚባለው መቼ ነው? በግራንድ ካንየን ሸለቆ ላይ አውሮፕላን ሲበር የተፈጥሮው ጸጥታ ተጠብቋል የሚባለው በምን ልክ ነው? እንዲህ ያለውን ኮንግረሱ ለባለሙያ የተወው ባለሙያ ስለሆነ ነው፤ ፍርድ ቤቱ አሁን ሁሉንም ወደ ራሱ ሰበሰበ ሲሉ ወቀሱ።

ወቀሳቸው ባዶ እንዳልሆነ ያሳየ አንድ አጋጣሚ አለ። ልክ በዋዜማው በወጣ ሌላ የአየር ብክለት ውሳኔ ላይ ዳኛ ጎርሰች ናይትሮጅን ኦክሳይድስ የሚባሉትን በካይ ጋዞች አምስት ጊዜ ያህል ‹‹ናይትረስ ኦክሳይድ›› ብለው ጻፏቸው። ናይትረስ ኦክሳይድ የጥርስ ሐኪም ሕመምተኛውን የሚያደነዝዝበት ‹‹የሳቅ ጋዝ›› ነው። ስሕተቱ ኋላ ታረመ። ነገር ግን ከዚያ በኋላ የባለሙያ ነገር በተነሳ ቁጥር ይጠቀሳል።

አንድ ደንብ፣ ሁለት ፍርድ

ወደ ካርዱ እንመለስ። የዚህን ሁሉ ክርክር ዋጋ በሣንቲም የሚያሳየው እሱ ነውና።

ከ2008ቱ የገንዘብ ቀውስ በኋላ የወጣው የ2010 ሕግ፣ ባንኮች በእያንዳንዱ የካርድ ግዥ ከነጋዴው የሚቀበሉት ክፍያ ባንኩ ካወጣው ወጪ ጋር ‹‹ምክንያታዊና ተመጣጣኝ›› ይሁን አለ። ያን ጊዜ አማካዩ ክፍያ 44 ሣንቲም ያህል ነበር። ፌዴራል ሪዘርቭ በመጀመሪያ ረቂቁ ጣሪያውን 12 ሣንቲም አደረገው። ባንኮች ጮኹ። የመጨረሻው ደንብ ሲወጣ 21 ሣንቲም ሆኖ ተገኘ፤ በዚያ ላይ ከሽያጩ 0.05 በመቶ፣ ማጭበርበርን ለመከላከል ደግሞ አንድ ሣንቲም ተጨመረ። ጣሪያው የሚመለከተው 10 ቢሊዮን ዶላርና ከዚያ በላይ ሀብት ያላቸውን ባንኮች ነው። በ12ና በ21 መካከል ያለው ዘጠኝ ሣንቲም ትንሽ ይመስላል። በአገሪቱ በሚደረገው የካርድ ግዥ ብዛት ሲባዛ ግን በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር ነው። በዋሽንግተንና በአካባቢው ሱቅና ማደያ የሚያስተዳድሩ ወገኖቻችንም ሒሳባቸውን ሲዘጉ የሚያውቁት ወጪ ነው።

የቸርቻሪዎች ማኅበራት ‹‹አዋጁ የማይፈቅደው ወጪ ተጨምሮብናል›› ብለው ከሰሱ። በ2013 የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ፈረደላቸው። በማርች 2014 የዋሽንግተኑ ይግባኝ ፍርድ ቤት ውሳኔውን ገለበጠ። ለምን? አዋጁ አሻሚ ነው፣ የማዕከላዊ ባንኩ ትርጓሜ ምክንያታዊ ነው፣ ‹‹ሼቭሮን›› ይህን እንድንቀበል ያዘናል በማለት ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2015 ጉዳዩን አላይም አለ። ነገሩ ያለቀለት መሰለ።

ኮርነር ፖስት ሲመጣ መንግሥት ያነሳው መከላከያ ይርጋ ነበር። የመንግሥትን ደንብ ለመቃወም ያለው ጊዜ ስድስት ዓመት ነው፤ ደንቡ የወጣው በ2011 ነው፤ ስለዚህ በሩ በ2017 ተዘግቷል አለ። ባለሱቁ በበኩሉ ‹‹እኔ ሥራ የጀመርሁት በ2018 ነው፤ ያልተወለደ ሰው እንዴት ይከሳል?›› ያለ ያህል ተከራከረ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም ይርጋው የሚቆጠረው ደንቡ ከወጣበት ቀን ሳይሆን ከሳሹ ከተጎዳበት ቀን ነው ሲል ወሰነ።

የዚህን ትርጉም እናስተውል። ዛሬ የተከፈተ ኩባንያ የሃያና የሠላሳ ዓመት ደንብ ሊያስከስስ ይችላል ማለት ነው። አንድ ማኅበር ደንብ ማፍረስ ቢፈልግና ይርጋው አልፎበት ቢሆን፣ በደንቡ የሚጎዳ አዲስ አባል መፈለግ ብቻ ይበቃዋል። በኮርነር ፖስት ጉዳይም ክሱን መጀመሪያ ያቀረቡት ሁለት የንግድ ማኅበራት ነበሩ፤ ሱቁ የገባው የይርጋ ጥያቄ ከተነሳ በኋላ ነው። እኔ ባለሱቁን አልነቅፈውም። ነገር ግን ‹‹ትንሹ ሱቅ ትልቁን ባንክ ረታ›› የሚለውን ታሪክ የሚወድ ሁሉ ከሱቁ ጀርባ እነማን እንደቆሙ ማየት ይኖርበታል።

ጉዳዩ ወደ ሰሜን ዳኮታ ተመለሰ። በኦገስት 2025 የዚያ ዳኛ የ2011ን ደንብ ሻረ። ‹‹ሼቭሮን›› ስለሌለ አዋጁን ራሱ አነበበ፤ ማዕከላዊ ባንኩ አዋጁ የማይፈቅዳቸውን ወጪዎች ጨምሯል ብሎ ደመደመ። ባንኮቹ ጣሪያ አልባ ሆነው እንዳይቀሩ ግን ይግባኙ እስኪታይ ውሳኔው እንዲታገድ ራሱ አዘዘ።

እንግዲህ አዋጁ አንድ ነው፣ ደንቡ አንድ ነው፣ ቃላቱም ያው ናቸው። በ2014 ዋሽንግተን ላይ ደንቡ ሕጋዊ ነው ተባለ። በ2025 ሰሜን ዳኮታ ላይ ሕገ ወጥ ነው ተባለ። ሮበርትስ ‹‹የቀድሞዎቹ አይፈርሱም›› ብለው ነበር፤ ይሁንና የዋሽንግተን ይግባኝ ፍርድ ቤት ውሳኔ ሰሜን ዳኮታን አያስገድድም። አገሪቱ በይግባኝ አውራጃዎች የተከፈለች ስለሆነች፣ አንዱ ጋ ያለቀ ነገር ሌላው ጋ ሊጀመር ይችላል። ከሳሽም የሚመቸውን ፍርድ ቤት ይመርጣል። ከሳሾች ከዋሽንግተን ይልቅ ወደ ቴክሳስና ወደ መሰል ግዛቶች የሚያዘነብሉትም ያለ ምክንያት አይደለም።

ሃያ ዶላርና ጁሪ

ሦስተኛው ውሳኔ በአክሲዮን ገበያ ላለ ሰው ይበልጥ ይቀርባል። የሰነደ ሙዓለ ንዋይ ገበያውን የሚቆጣጠረው ኮሚሽን፣ በአህጽሮት ‹‹ኤስ.ኢ.ሲ››፣ ጆርጅ ጃርከሲ የተባሉ የኢንቨስትመንት ፈንድ አስተዳዳሪን በማጭበርበር ወነጀለ። ሰውየው ከ120 ያህል ሰዎች 24 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሰብስበው ነበር። ኮሚሽኑ ጉዳዩን ያቀረበው ፍርድ ቤት ሳይሆን ራሱ በሚቀጥረው ዳኛ ፊት ነበር። 300,000 ዶላር መቀጮ ተጣለባቸው፤ ድርጅታቸው ደግሞ 685,000 ዶላር ያህል ያለአግባብ የተገኘ ትርፍ እንዲመልስ ታዘዘ።

ከሳሹም፣ ዳኛውም፣ ይግባኝ ሰሚውም አንድ መሥሪያ ቤት ሆነ ማለት ነው። ጃርከሲ የሕገ መንግሥቱን ሰባተኛ ማሻሻያ ጠቀሱ። በ1791 የጸደቀው ይህ አንቀጽ፣ ከሃያ ዶላር በላይ በሆነ የፍትሐ ብሔር ክርክር ተከራካሪው በጁሪ፣ ማለትም ከሕዝብ በተውጣጡ ፈራጆች፣ የመዳኘት መብት አለው ይላል። ሃያ ዶላሩ እስከ ዛሬ አልተሻሻለም። በጁን 27 ቀን 2024 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 6 ለ 3 ተስማማላቸው፤ ኮሚሽኑ በማጭበርበር የገንዘብ መቀጮ ከፈለገ ፌዴራል ፍርድ ቤት ይሂድ፣ ጁሪም ፊት ይቅረብ ተባለ።

ውጤቱ በስልክ ኩባንያዎች ላይ ወዲያው ታየ። የመገናኛ ኮሚሽኑ በ2024 የደንበኞችን የአካባቢ መረጃ አላግባብ አስተላልፈዋል ብሎ ኤቲ ኤንድ ቲን 57 ሚሊዮን፣ ቬራይዘንን 47 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ቀጥቶ ነበር። በኤፕሪል 2025 አንድ ይግባኝ ፍርድ ቤት የጃርከሲን ውሳኔ ጠቅሶ የኤቲ ኤንድ ቲን ቅጣት ሻረ። በጁን ወር ሌላ ይግባኝ ፍርድ ቤት የቬራይዘንን አጸና። ጥፋቱ አንድ ዓይነት ነው፤ አንዱ ኩባንያ ከፈለ፣ ሌላው ዳነ። ልዩነቱ የየትኛው አውራጃ ፍርድ ቤት አየው የሚለው ብቻ ነበር።

ነጋዴው ምን አተረፈ?

የ‹‹ሼቭሮን››ን መሻር የደገፉ ሁሉ አንድ ጠንካራ ክርክር አላቸው፤ እኔም አምንበታለሁ። መሥሪያ ቤት የሚተረጉመው ሕግ ከፕሬዚዳንቱ ጋር ይለዋወጣል። የኢንተርኔት አቅራቢዎች ጉዳይ ይህን ያሳያል። በኦባማ ዘመን፣ በ2015፣ የመገናኛ ኮሚሽኑ ኢንተርኔትን እንደ ስልክ አገልግሎት እቆጣጠራለሁ አለ። በትራምፕ ዘመን፣ በ2017፣ ተወው። በባይደን ዘመን፣ በ2024፣ መለሰው። አዋጁ በመሐል አንድ ቃል አልተለወጠም። በመስመር ዝርጋታ ላይ ቢሊዮን የሚያፈስ ሰው በየአራት ዓመቱ የሕጉን ትርጉም ከምርጫ ሣጥን ይጠብቃል ማለት ነው። በጃንዋሪ 2025 ይግባኝ ፍርድ ቤት ‹‹ከእንግዲህ ትርጓሜው የእኛ ነው›› ብሎ የ2024ን ደንብ ሻረ። ቢያንስ መወዛወዙ ቆመ።

ሌላው ወገን ደግሞ የካርዱን ታሪክ ያመጣል። መወዛወዙ ከዋይት ሐውስ ወጥቶ ወደ ፍርድ ቤቶች ተዛወረ እንጂ አልቆመም ይላል። ፕሬዚዳንት ቢለወጥ አስቀድሞ ቀኑ ይታወቃል። አንድ አዲስ ሱቅ አንድ የቆየ ደንብ ለማፍረስ መቼ፣ የት፣ በማን ፊት ክስ እንደሚያቀርብ ግን ማንም አያውቅም። ለባንክ አክሲዮን ገዥ ይህ ዋጋ ያለው አደጋ ነው። እኔ በበኩሌ ትልልቆቹ ኩባንያዎች በመጨረሻ ይህን ያህል ይደሰታሉ ብዬ አላምንም። ደንቡ ያስቸግራቸው ይሆናል፤ ነገር ግን ብዙዎቹ ዓመታት ወስደው ከደንቡ ጋር ተላምደው፣ ሶፍትዌራቸውን ገዝተው፣ ውላቸውን በዚያው መሠረት ጽፈዋል። የደንቡ መፍረስ ለተወዳዳሪ በር ይከፍታል።

ፍርድ ቤቱም ቢሆን ሁሉንም ነገር ወደ ራሱ አልወሰደም። በሜይ 2025 በዩታ ግዛት ድፍድፍ ነዳጅ ለማመላለስ በታቀደ የ88 ማይል ባቡር መስመር ጉዳይ ላይ፣ የአካባቢ ጥናቱ በቂ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ዳኞች እንዳይበረብሩት፣ ለመሥሪያ ቤቱ ሰፊ እምነት እንዲሰጡት 8 ለ 0 ወስኗል። ትርጓሜው የአዋጅ ቃል ሲሆን ዳኛው ይቀድማል፤ ጥያቄው የጥናትና የመረጃ ሲሆን መሥሪያ ቤቱ ይቀድማል ማለት ነው። በሚቀጥለው ወር ደግሞ ለገጠር ስልክና ኢንተርኔት ድጎማ ከኩባንያዎች የሚሰበሰበውን መዋጮ ‹‹ኮንግረሱ ሥልጣኑን አሳልፎ ሰጥቷል›› በሚል ለማስፈረስ የቀረበውን ክስ 6 ለ 3 ውድቅ አድርጓል። ውሳኔውን የጻፉት ኬገን ናቸው።

የሕግና የመረጃ ጥያቄ ድንበሩ የት እንደሆነ ግን የሚለየው ራሱ ዳኛው ነው። በካርዱ ጉዳይ ማዕከላዊ ባንኩ ‹‹ወጪ›› የሚለውን ቃል የገንዘብ ባለሙያ ጥያቄ ነው ሲል ኖሯል፤ የሰሜን ዳኮታው ዳኛ የመዝገበ ቃላት ጥያቄ አደረገው። ፕሬዚዳንቱ እነዚህን መሥሪያ ቤቶች የሚመሩትን ሰዎች እንደፈለገ ማባረር ይችላል ወይ የሚለው፣ ከ1935 ጀምሮ የኖረውን ውሳኔ የሚፈታተነው ክርክር፣ ለብቻው ገጽ ይፈልጋል።